የፕሮሰሰር ጊጋኸርዝና እውነተኛው ፍጥነት፦ ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊትና ሲዘገይብዎ እንዴት እንደሚለካ

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ሲወጡ መጀመሪያ የሚሰሙት «ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ» የሚል ነው። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ስለ ማሽኑ ፍጥነት ብቻውን የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው፤ 1.6 የተጻፈበት ላፕቶፕ 2.4 የተጻፈበትን በሰፊ ልዩነት ሲቀድም ማየት የተለመደ ነው። ከዚህ በታች ቁጥሩ ምን እንደሚል፣ ሱቅ ውስጥ ከመክፈልዎ በፊት እውነተኛው ፍጥነት እንዴት እንደሚለካ፣ የተገዛው ማሽን ከተጻፈለት ፍጥነት በታች ሲወርድም ምክንያቱ እንዴት እንደሚገኝና እንደሚስተካከል በቅደም ተከተል ያገኛሉ። የምንጠቅሳቸው ማሽኖች በብዛት ገበያ ላይ ያሉት ባለ ኢንቴል የቢሮ ላፕቶፖች ናቸው፤ ዘዴው ግን ለኤኤምዲም ይሠራል።

ጊጋኸርዝ የሚቆጥረው ምንድን ነው

1 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 1 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። 3 ጊጋኸርዝ ላይ የሚሠራ ፕሮሰሰር አንዷን ምት የሚጨርሰው በናኖ ሰከንድ ሲሶ ነው። ፕሮሰሰሩ በየምቱ ሥራውን አንድ እርምጃ ያራምዳል፤ በአንድ ምት ስንት ትእዛዝ እንደሚጨርስ ግን ከአሠራሩ ይወሰናል። ጣና ላይ በታንኳ የሚሽቀዳደሙ ሁለት ቀዛፊዎችን ያስቡ። አንዱ ቶሎ ቶሎ ይቀዝፋል፣ ሌላው ቀስ ብሎ በረጅሙ ይገፋል። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ለማወቅ የቀዘፉትን ጊዜ ብቻ ቆጥሮ መፍረድ አይቻልም፤ አንዱ ቀዘፋ ታንኳዋን ምን ያህል እንደሚያስኬዳት መታወቅ አለበት።

በስሌት ሲቀመጥ አንድ ሥራ የሚፈጀው ጊዜ የትእዛዞቹ ብዛት፣ አንድ ትእዛዝ በአማካይ በሚፈልገው ምት ተባዝቶ፣ በሰከንድ ለሚመታው ምት ሲካፈል ነው። 12 ቢሊዮን ትእዛዝ ያለው ሥራ እንውሰድ። 3 ጊጋኸርዝ ሆኖ ለአንድ ትእዛዝ 1 ምት የሚፈልግ ፕሮሰሰር በ4 ሰከንድ ይጨርሰዋል። 2 ጊጋኸርዝ ብቻ ሆኖ በአንድ ምት ሁለት ትእዛዝ የሚጨርሰው ግን በ3 ሰከንድ ይገላገላል።

ይህ በታሪክም ታይቷል። የኢንቴል ፔንቲየም 4 እ.ኤ.አ. በ2000 በ1.4 እና በ1.5 ጊጋኸርዝ ወጥቶ በ2004 3.8 ጊጋኸርዝ ደረሰ። 4 ጊጋኸርዝ የሚሆነው ታቅዶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተሰረዘ፤ ሙቀቱና የኃይል ፍጆታው አላራምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጡት ኮር 2 ዱኦ ፕሮሰሰሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ እያሉ ያንን 3.8 በለጡት። ፔንቲየም 4 ምቱን ለማፋጠን ሲባል አንድን ትእዛዝ በመጨረሻው ትውልዱ በ31 ደረጃ ይከፋፍለው ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ እየገመተ አስቀድሞ ይጀምራል፤ ስለዚህ ግምቱ በተሳሳተ ቁጥር የተጀመረው ሥራ ሁሉ ተጥሎ ከመነሻው ይጀመራል። ኮር 2 ደረጃውን ወደ 14 አሳንሶ በየምቱ የሚጨርሰውን አበዛ።

ሌላው ጊዜ የሚበላው መጠበቅ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ዳታ በአቅራቢያው ባለው ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ) ውስጥ ከተገኘ 4 ወይም 5 ምት ይጠብቃል። ከትልቁ የጋራ ካሽ ለማምጣት 40 ምት ገደማ ያስፈልጋል። ራም ድረስ መሄድ ካለበት 300 ምት አካባቢ ያለ ሥራ ይቆማል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ያለን ነገር ለማምጣት 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ይህ በ3 ጊጋኸርዝ 30 ሚሊዮን ምት ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከሆነ 300 ሺህ ገደማ። ባለ ሃርድ ዲስክ ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩን 2.4 ወይም 3.4 ማድረግ ዎርድ የሚከፈትበትን ጊዜ እምብዛም የማይለውጠው ለዚህ ነው። ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ያስገቡ፤ ያለ ማመንታት።

የፕሮሰሰሩን ስም ማንበብ

«አይ ፋይቭ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይወስንም፤ ከኋላው የሚመጣውን ቁጥርና ፊደል ይጠይቁ። ለምሳሌ ኮር አይ 5-8250ዩ ሲባል የመጀመሪያው 8 ስምንተኛ ጀነሬሽን መሆኑን ይናገራል። ከ10 ጀምሮ ያሉት ሁለት አኃዝ ይይዛሉ። በመጨረሻ የምትመጣው «ዩ» ፕሮሰሰሩ በቋሚነት 15 ዋት ገደማ እንዲወስድ የተሠራ መሆኑን ታሳያለች። «ኤች» ወይም «ኤችኪው» ከሆነ 45 ዋት ገደማ ነው፤ ከባድ ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ሳይወርድ ይቆያል፣ ነገር ግን ላፕቶፑ ይከብዳል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። «ዋይ» ደግሞ 5 ዋት ገደማ ነው፤ ቀጭንና ፋን የሌለው ላፕቶፕ ውስጥ ይገኛል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙ ሦስት ፕሮሰሰሮችን ጎን ለጎን እንይ። ተርቦ ማለት ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ኮር ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮሰሰሩ ክፍል፣ ትሬድ ደግሞ ኮሮቹ በአንድ ጊዜ የሚይዙት የሥራ መስመር ነው። አይ 5-6300ዩ መነሻው 2.4፣ ተርቦው 3.0 ጊጋኸርዝ፣ ባለ 2 ኮርና 4 ትሬድ፣ 3 ሜጋ ባይት ካሽ ነው። አይ 7-7500ዩ መነሻው 2.7፣ ተርቦው 3.5፣ እሱም ባለ 2 ኮር ነው። አይ 5-8250ዩ መነሻው 1.6 ብቻ ነው፤ ተርቦው ግን 3.4፣ ኮሩ 4፣ ትሬዱ 8፣ ካሹ 6 ሜጋ ባይት ነው። በመነሻ ቁጥር ከሄዱ የመጨረሻው ደካማው ይመስላል። ኮሮችን ሁሉ በሚያሠራ ሥራ ላይ ግን ሁለቱንም ይቀድማል፤ የመጀመሪያውን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ። «አይ ሰቨን ይሻላል» ብሎ 7500ዩ ላለው ማሽን ከ8250ዩ የበለጠ መክፈል በግልጽ ኪሳራ ነው።

መነሻው 1.6 የሆነው ድክመት ስለሆነ አይደለም። መነሻ ማለት አራቱም ኮሮች ሲሠሩ በ15 ዋት ውስጥ ፕሮሰሰሩ እንደሚይዘው አምራቹ ቃል የገባበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ኃይልና ሙቀት እስከፈቀዱ ድረስ ከዚያ በላይ ይሠራል።

ወደ ሌላኛው ጫፍ ሴለሮን ኤን 4020 አለ። ተርቦው 2.8 ጊጋኸርዝ ነው፤ ከ6300ዩ 3.0 ብዙም የማይርቅ ይመስላል። ነገር ግን ለ6 ዋት የተሠራ፣ ባለ 2 ኮርና 2 ትሬድ፣ በየምቱ የሚጨርሰውም ከኮር ቤተሰብ በጣም ያነሰ ነው። አዲስ በካርቶን ቢመጣም ለምህንድስና ተማሪ አይመከርም።

ሁለት የተሳሳቱ ስሌቶችን ደግሞ እናርም። የዊንዶውስ የሲስተም ገጽ ላይ 2.40 እና 2.50 ተብሎ ሁለት ቁጥር ተከታትሎ ሲታይ አንዱ ስሙ ላይ ያለው መነሻ፣ ሌላው ዊንዶውስ ያነበበው ነው፤ አይደመሩም። ኮርና ጊጋኸርዝም አይባዙም፤ «4 ኮር በ1.6፣ 6.4 ጊጋኸርዝ ማለት ነው» የሚል ካጋጠመዎ አይቀበሉ። ሥራው 60 በመቶው ብቻ ለኮሮች የሚከፋፈል ከሆነ በ4 ኮር የሚገኘው ፍጥነት 1.8 እጥፍ ገደማ ነው፤ ቀሪው 40 በመቶ በአንድ ኮር ወረፋ ይጠብቃልና።

ከመክፈልዎ በፊት ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ልኬት

ግማሽ ሰዓት ገደማና አንድ ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹ ላይ ሰቨን ዚፕ (ፋይል የሚያምቅ)፣ ሲፒዩ ዚ (የፕሮሰሰሩን ዝርዝር የሚያሳይ) እና ኤችደብሊው ኢንፎ (ሙቀት የሚያነብ) ይጫኑ። ሦስቱም በነጻ የሚገኙና ትንንሽ ናቸው፤ የሞባይል ዳታ አያስጨርሱም።

መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍተው ሲያበሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ይግቡ፤ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1 ነው። የፕሮሰሰሩን ስም እዚያ ያንብቡ። ዊንዶውስ ላይ የሚታየው ስም በሬጅስትሪ ሊቀየር ስለሚችል በእሱ ብቻ አይተማመኑ። እዚያው ሳሉ ቻርጀሩ በስንት ዋት እንደታወቀ ይመልከቱ፤ ለምን እንደሚጠቅም ወደ ታች ይመጣል።

ዊንዶውስ ከገባ በኋላ 5 ደቂቃ ይተዉት። ገና ሲነሳ ከኋላ የሚሠሩት ነገሮች ልኬቱን ያበላሹታል። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሲፒዩ የሚለውን ይጫኑ። «ቤዝ ስፒድ» የተጻፈው መነሻ ነው። «ስፒድ» የሚለው ተንቀሳቃሽ ቁጥር አሁን ያለበትን ያሳያል። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ 0.8 ወይም 1.2 ቢሆን አይደንግጡ፤ ኃይል እየቆጠበ ነው። «ሜሞሪ» ላይ ሲጫኑ ስንት የራም ቦታ እንደተያዘ ይታያል። «1 ኦፍ 2» ካለ ራሙ በአንድ መስመር ብቻ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም ማስገባት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ግራፊክስ በግልጽ ያፋጥነዋል።

ቀጥሎ ሰቨን ዚፕን ከፍተው «ቱልስ» ውስጥ «ቤንችማርክ» ይምረጡ። የዲክሽነሪውን መጠን 32 ሜጋ ባይት፣ የትሬዱን ቁጥር 1 ያድርጉና ሁለት ሦስት ዙር ያስኬዱ። ይህ የአንድ ኮር ጉልበት ነው። የሚወጣውን ሬቲንግ ይጻፉ። አሁን የትሬዱን ቁጥር ወደ ከፍተኛው ያምጡና ለ10 ደቂቃ ይተዉት። ሁለት ላፕቶፕ የሚያማርጡ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት የሰቨን ዚፕ ስሪትና በአንድ ዓይነት ዲክሽነሪ ይለኩ፤ አለዚያ ቁጥሮቹ አይነጻጸሩም። ሠንጠረዡ ማመቅንና መፍታትን ለየብቻ ያሳያል። መፍታት በዋናነት የፕሮሰሰሩን የራሱን ጉልበት ሲለካ ማመቅ ራምና ካሽ ዳታ የሚያደርሱበትን ፍጥነትም ይጨምራል። ሁለት ተመሳሳይ ፕሮሰሰሮች በመፍታት እኩል ሆነው በማመቅ ከተለያዩ ልዩነቱ ያለው ራሙ ላይ ነው።

10 ደቂቃው ሲሄድ ታስክ ማናጀርን ጎኑ ላይ ያስቀምጡና ስፒዱን ሦስት ጊዜ ይመዝግቡ፦ በ10ኛው ሰከንድ፣ በ1ኛው ደቂቃና በ10ኛው ደቂቃ። ታስክ ማናጀር የፕሮሰሰር ሙቀት ስለማያሳይ ሙቀቱን ከኤችደብሊው ኢንፎ ያንብቡ። በመጨረሻ ቻርጀሩን ነቅለው አንድ ደቂቃ ይድገሙት። ሻጩ «ይሞቃል፣ ይበቃል» ብሎ ካስቆመዎ ያ ራሱ መልስ ነው፤ ጤነኛ ላፕቶፕ በ10 ደቂቃ ሥራ አይጎዳም።

ቁጥሮቹ የሚሉት

8250ዩ ያለው ጤነኛ ማሽን መጀመሪያ ላይ 3 ጊጋኸርዝ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይሮጣል፤ ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ ወደ 2.2 ወይም 2.6 ይወርድና እዚያው ይረጋል። ይህ ብልሽት አይደለም። ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ ከ15 ዋት በላይ እንዲወስድ ይፈቀድለታል፤ ጊዜው በኢንቴል የተለመደ አቀማመጥ 28 ሰከንድ ሲሆን አምራቾች ሊቀይሩት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ወደ 15 ዋቱ ይመለሳል። ተርቦ ተብሎ የሚሸጥልዎ 3.4 ለአጭር ሥራ ነው፤ ለረጅም ሥራ የሚከፍሉት ለዚያ ለረጋው ቁጥር ነው።

የረጋው ቁጥር ከመነሻው በታች ከወረደና ሙቀቱ 95 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ምታቸውን ይቀንሳሉ። ቁጥሩ መውጣትና መውረድ ሲያበዛ፣ ለምሳሌ 2.4፣ 1.1፣ 2.3፣ 0.9 እያለ ሲዘል፣ ፋኑ ወይም ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መሃል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መድከሙን ይጠርጥሩ።

ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሆኖ ስፒዱ 0.4 ወይም 0.8 ላይ ተቸንክሮ አልንቀሳቀስ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ቻርጀሩን ይዩ። ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች ቻርጀራቸውን መሃል ላይ ባለች ቀጭን ፒን ይለያሉ። ፒኗ ከተሰበረች፣ ኬብሉ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰች ወይም ቻርጀሩ የመታወቂያ ቺፕ የሌለው ከሆነ ማሽኑ ስንት ዋት እንደሚያገኝ ስለማያውቅ ፕሮሰሰሩን ወደ ዝቅተኛው ምት ሊያወርደው ይችላል። ዴል ላይ ሲነሳ የአዳፕተሩ ዓይነት እንዳልታወቀ የሚገልጽ መልእክት ይወጣል፣ ባትሪውም አይሞላም። ብዙ ሰው መልእክቱን እያለፈው ለወራት በቀንድ አውጣ ፍጥነት ይሠራል፤ ዊንዶውስ ደጋግሞ ያስጭናል፣ ራም ይጨምራል፣ ለውጥ የለም። ትክክለኛውን ዋት ያለው ቻርጀር መቀየር ብቻ ይበቃ ነበር። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ሲሠራ ስፒዱ ከወጣ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም የመሰኪያው ነው።

አራተኛ ሁኔታ አለ። ስፒዱ ልክ መነሻው ላይ፣ ለምሳሌ 1.6 ላይ፣ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆሞ አንድም ጊዜ ካላለፈ ተርቦው ተዘግቷል። የዊንዶውስ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስን ይክፈቱ፤ የተመረጠውን ፕላን ዝርዝር ማስተካከያ ውስጥ «ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት» አለ፤ እዚያ ከፍተኛው የፕሮሰሰር መጠን 100 በመቶ መሆኑን ያረጋግጡ። 99 እንኳ ቢሆን ተርቦ አይነሳም። 100 ሆኖ ካልተነሳ ባዮስ ውስጥ ተርቦ ቡስት የሚለው መከፈቱን ይዩ።

መብራት ሲጠፋና ባትሪው ብቻ ሲቀር ይኸው ማስተካከያ ይጠቅማል። «ኦን ባተሪ» የሚለውን 99፣ «ፕላግድ ኢን» የሚለውን 100 ያድርጉት። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኃይል በምቱ ብዛት እና በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ያድጋል፤ ምቱ ሲጨምር ደግሞ ቮልቴጁም መጨመር አለበት። ከ2 ወደ 3 ጊጋኸርዝ ሲወጣ ቮልቴጁ ከ0.8 ወደ 1.0 ቢያድግ ፍጆታው 2.3 እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ያደገው ግን አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። በባትሪ ጽሑፍ ለሚጽፍ ወይም ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ተርቦውን መዝጋት የሚያስቀረው ነገር እምብዛም ነው።

ስለ ቮልቴጅ መዋዠቅ አንድ ነገር እንጨምር። ሠፈር ውስጥ ቮልቴጅ ሲወርድ «ፕሮሰሰሩ የዘገየው ለዚህ ነው» ይባላል። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ያለውን ጽሑፍ ቢያነቡ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ያያሉ። 220ው ወደ 180 ቢወርድ ፕሮሰሰሩ ምንም አይሰማውም። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ ግን ቻርጀርን ይጎዳል፤ መብራት ሲጠፋ ነቅሎ፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት ጥሩ ልማድ ነው።

ሙቀትና የባሕር ዳር አየር

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚያሽከረክረው የአየር መጠን ያው ቢሆንም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ክብደቱ ያንሳል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ ሙቀት በላይ የሚጨምረው ከ10 እስከ 20 በመቶ ይበልጣል ብለው ይገምቱ። ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 75 የሚደርስ ላፕቶፕ እዚህ 80 ወይም 85 ይደርሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ክፍሉ ራሱ 30 ሲጠጋ ደግሞ በዚያ ላይ 5 ይጨምሩ። ውጭ አገር በተሠራ ግምገማ «አይሞቅም» የተባለ ማሽን እዚህ ምቱን ሲቀንስ ቢያዩ አይገረሙ። ልኬትዎን በጠዋት ቅዝቃዜ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ያድርጉ።

ያገለገለ ላፕቶፕ በገዙ በመጀመሪያው ወር ውስጡን ማስጸዳት ወይም ማጽዳት ተገቢ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ማሽኑን 5 ደቂቃ አሠርተው ያጥፉት፤ ያረጀው ፔስት በሙቀት ይለሰልሳል። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የታችኛውን ክዳን ይፍቱ፣ ሌላ ምንም ሳይነኩ የባትሪውን ሶኬት ይንቀሉ። የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ብሎኖች በየቦታቸው ሥዕል ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ኪቦርዱን ወይም ቦርዱን ይወጋል።

ሂትሲንኩ (ከቺፑ ሙቀት የሚወስደው የመዳብ ማቀዝቀዣ) ላይ ከብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ተጽፏል። ሲፈቱ ከ4 ወደ 1፣ እያንዳንዱን በግማሽ ዙር እየተመላለሱ። ሂትሲንኩ ከተጣበቀ ወደ ላይ አይሳቡት፤ ግራና ቀኝ በቀስታ ያነቃንቁት። ቺፑ ክዳን የለውም፤ ጠርዙ በቀላሉ ይሸራረፋል።

ፋኑን ከሂትሲንኩ ሲለዩት በመሃላቸው አቧራና የልብስ ጭረት ተጋግሮ እንደ ጨርቅ ሆኖ ያገኙታል። አየሩ የሚወጣባቸውን ቀጫጭን የመዳብ ክንፎች የሚዘጋው እሱ ነው። ከውጭ በኩል ቢነፉበት አይወጣም፤ በመቆንጠጫ አንስተው ቀሪውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፤ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ማዞሪያው ይጎዳል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር አይጠቀሙ። ግፊቱ ከመጠን በላይ ነው፤ ከቱቦውም ውሃና ዘይት ይወጣል።

አሮጌውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ያጥፉ፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 በመቶ አልኮልም ይሠራል፤ ሲሶው ገደማ ውሃ ስለሆነ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። አዲሱን ፔስት ቺፑ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አንዲት ጠብታ አድርገው መሃል ላይ ያኑሩ። ቺፑ ረዘም ያለ ከሆነ በርዝመቱ ቀጭን መስመር ይሥሩ። አብዝቶ መቀባት አያቀዘቅዝም፤ ፔስት የመዳብንና የቺፕን ክፍተት ለመሙላት እንጂ ወፍራም ንጣፍ ለመሆን አልተሠራም። ሲያስሩ ከ1 ወደ 4፣ እንደገና በግማሽ ዙር። ከዚያ የ10 ደቂቃውን ልኬት ይድገሙ። ሙቀቱ ካልወረደ ሂትሲንኩ እኩል አልተቀመጠም ወይም ውስጡ ያለው የሙቀት ቱቦ ሞቷል፤ የኋለኛው ከሆነ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው።

ላፕቶፑን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አለማስቀመጥ ከየትኛውም ማቀዝቀዣ ይበልጣል። ከኋላ በኩል በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ማድረግ ብቻውን ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ያወርዳል።

ቮልቴጅን በሶፍትዌር ዝቅ አድርጎ ማቀዝቀዝ ቀድሞ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ይፋ ከሆነ የደህንነት ክፍተት በኋላ ግን ብዙ አምራቾች በባዮስ ማሻሻያ ዘግተውታል። የ«ዩ» ፕሮሰሰሮችን ምት ከተርቦው በላይ መጨመርም አይቻልም፤ ማባዣቸው ተቆልፏል። 3.4 ጊጋኸርዝ ማለት 100 ሜጋኸርዝ በ34 ሲባዛ ነው፤ 34ቱን ወደ 36 የሚያሳድግ ፕሮግራም አለኝ የሚልዎን አይመኑ።

ለየትኛው ሥራ የትኛው ቁጥር

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ አውቶካድ ለሚሥል ተማሪ የአንድ ኮር ፍጥነት ይበልጣል፤ አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ኮር ነው የሚሠራው። የሰቨን ዚፕን የ1 ትሬድ ውጤት ያወዳድሩ። ኢታብስ ላይ ትልቅ ሕንፃ ለሚተነትን፣ ማትላብ ላይ ትላልቅ ማትሪክስ ለሚያባዛ ወይም አንድሮይድ ስቱዲዮ ለሚጠቀም የሁሉም ትሬድ የ10 ደቂቃ ውጤትና 16 ጊጋ ባይት ራም ይታይ። ፔዳ ግቢ ኤስፒኤስኤስ ላይ ጥቂት መቶ መጠይቆችን ለሚተነትን ተማሪ ከተጠቀሱት የኮር ፕሮሰሰሮች ማንኛውም ይበቃዋል፤ ገንዘቡን ኤስኤስዲ ላይ ያውለው።

የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብሩ ስቱዲዮዎች «ዩ» ፕሮሰሰር ይሠራል ግን ያሰለቻል። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ሲወጣ ማሽኑ የሚሠራው በረጋው ቁጥር ነው፤ ተርቦው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ባለ 45 ዋቱን ይፈልጉ፤ ፕሪሚየር ላይም ቪዲዮው ሲወጣ የሃርድዌር ኢንኮዲንግ መመረጡን ያረጋግጡ፤ ያኔ ከባዱን ሥራ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ክፍል ይወስደዋል። ፒችትሪ ላይ ሒሳብ ለሚሠሩ ቢሮዎች ደግሞ ፕሮግራሙ ከፋይሎቹ ጋር ያለማቋረጥ ስለሚመላለስ ጊጋኸርዝ ሳይሆን ዲስክ ይወስናል፤ በኔትወርክ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር ዲስክ።

ኢንተርኔት፣ ዎርድና ፊልም ብቻ ለሚፈልግ ሰው 6300ዩ ከኤስኤስዲና ከ8 ጊጋ ባይት ራም ጋር አሁንም በምቾት ያሠራል። አንድ ነገር ግን ዋጋ ሲከራከሩ ይያዙ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይደግፍም። 6300ዩ እና 7500ዩ ከዚያ መስመር በታች ናቸው፣ 8250ዩ ደግሞ በላይ። ዋጋቸው ከተቀራረበ 1.6 የተጻፈበትን ይውሰዱ።